ለቤት የሙዚቃ ስትሪመር ንጹሕ ፓወር ሰፕላይ አመራረጥ፦ ለጎጃም ከተሞች ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ስትሪመር ገዝተው ከአምፕሊፋየራቸው ጋር ያገናኙ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬም ሆነ በዳንግላ የሚኖሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከዕቃው ጋር የመጣው አዳፕተር ይበቃኛል ወይስ ሊኒየር የሚባለውን ፓወር ሰፕላይ ልግዛ?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ መልሱን በቅደም ተከተል እዚህ አስፍሬዋለሁ። መመሪያው ሙዚቃን ከኢንተርኔት፣ ከፍላሽ ወይም ከሃርድ ዲስክ እያነበቡ ወደ አምፕሊፋየር ለሚልኩና በ5፣ በ9 ወይም በ12 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ለሚሠሩ ትንንሽ መሣሪያዎች ነው፤ ራስበሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ባለአንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር የተሠሩትንም ይጨምራል። ፓወር ሰፕላያቸው በውስጣቸው ተገጥሞ በቀጥታ ከ220 ቮልት የሚሰኩትን ግን አይመለከትም።

አንድ ነገር አስቀድሞ ግልጽ ይሁን። ፓወር ሰፕላይ የሙዚቃውን ፋይል አይለውጥም፤ ዳታው ተነብቦ በሜሞሪ ውስጥ ተራውን ስለሚጠብቅ፣ መጥፎ አዳፕተር ዜማውን «ሊያደበዝዘው» አይችልም። ጉዳቱ የሚደርሰው ዲጂታሉ ወደ ድምፅ በሚለወጥበት ክፍል ላይ እና ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው የድምፅ ገመድ በኩል ነው። ስለዚህ ከፓወር ሰፕላዩ የሚፈለጉት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ጭነቱ ሲጨምርም ሆነ የግድግዳው መብራት ሲዳከም ቮልቴጁ እንዳይወርድ፣ በዲሲው ላይ የሚቀረው የቮልት ሞገድ፣ ማለትም ሪፕሉ፣ ትንሽ እንዲሆን፣ እንዲሁም ከመብራት መስመሩ ወደ ድምፅ ገመዱ የሚሾልከው ከረንት አነስተኛ እንዲሆን። ሻጮች የሚያወሩት ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ችግር የሚፈጥሩት አብዛኛውን ጊዜ አንደኛውና ሦስተኛው ናቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ዲጂታል መልቲሜትር፣ በገበያ «ቴስተር» የሚባለው
• ቮልትና አምፒር የሚያሳይ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ (ስትሪመርዎ በዩኤስቢ ገመድ የሚሠራ ከሆነ)
• መካከለኛ ሞገድ ወይም ኤኤም የሚይዝ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ
• ለሙከራ ብቻ የሚያገለግል ፓወር ባንክ
• ኧርዝ ያለው ባለብዙ ሶኬት ዲቫይደር
• ወረቀትና እስክሪብቶ

1. ስትሪመሩ የሚፈልገውን ከጽሑፉ ላይ ያንብቡ

ከመሣሪያው ሥር ወይም ከኃይል ማስገቢያው አጠገብ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር እንዲሁም ክብ መሰኪያ ካለው የፕላስና የማይነስ አቀማመጡን በወረቀት ይያዙ። ቮልቱ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። አምፒሩ ግን ከተጻፈው ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ መሣሪያው የሚወስደው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነውና። እኔ ከተጻፈው በ30 በመቶ ገደማ የሚበልጥ እንዲመርጡ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም በሙሉ አቅሙ የሚሠራ አዳፕተር ይሞቃል፣ ሲሞቅ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ቶሎ ይደርቃሉ፣ ካፓሲተሮቹ ሲደርቁ ደግሞ ሪፕሉ ይጨምራል።

ራስበሪ ፓይ 3 በ5 ቮልት 2.5 አምፒር፣ ራስበሪ ፓይ 4 ደግሞ 3 አምፒር፣ ራስበሪ ፓይ 5 ደግሞ 5 አምፒር አዳፕተር ይጠይቃሉ። ፓይ 5 በ3 አምፒር አዳፕተርም ይነሳል፤ ነገር ግን ለዩኤስቢ መሰኪያዎቹ የሚያካፍለውን ከረንት በ600 ሚሊአምፒር ይገድበዋል፤ ሙዚቃ የተጫነበት ሃርድ ዲስክ «አልነሳ አለኝ» የሚሉ ሰዎች ችግራቸው በአብዛኛው ይህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፤ የብዙ ዲሽ ሪሲቨሮችም እንዲሁ። መሰኪያው 5 ቮልት ከሚፈልግ ስትሪመር ጋር በልክ ሊገጥም ይችላል፤ መግጠሙ ግን ይስማማል ማለት አይደለም፣ በሰከንድ ውስጥ ያቃጥለዋል። ክብ መሰኪያዎች ውጫዊ ስፋታቸው 5.5 ሚሊሜትር ሆኖ ውስጣቸው 2.1 ወይም 2.5 ሚሊሜትር ሊሆን ስለሚችልም፣ ልል ሆኖ የሚነቃነቅ መሰኪያ ከተሰማዎት የልኩ ሌላ ዓይነት መሆኑን ይጠርጥሩ።

2. የቤትዎን መብራት በሦስት ሰዓቶች ይለኩ

መልቲሜትሩን በኤሲ (የግድግዳው መብራት ዓይነት) ቮልት ከፍተኛው ክልል ላይ አድርገው ስትሪመሩ የሚሰካበትን ሶኬት ማለዳ፣ ቀትር ላይ እና ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ለክተው ይጻፉ። የመለኪያውን ዘንግ የብረት ጫፍ በጣትዎ አይንኩ፤ እጅዎም ደረቅ ይሁን።

የምሽቱ ልኬት ከሁሉም ይበልጥ ያስፈልጋል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ በ220 ቮልት 14 አምፒር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይስባል። በአንድ ረጅም መስመር ላይ ያሉ ቤቶች እንጀራና ራት በአንድ ጊዜ ሲያሰናዱ በመስመሩ መጨረሻ ያለው ቤት ቮልቱ ይወርድበታል። በአጠገብዎ ወፍጮ ቤት ወይም ብየዳ ቤት ካለ ደግሞ በቀኑ ክፍለ ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል በመለኪያው መስኮት ላይ በዓይንዎ ያዩታል። በሦስቱም ሰዓቶች ከ200 ቮልት በላይ ካገኙ የትኛውንም ዓይነት ፓወር ሰፕላይ መምረጥ ይችላሉ። ከ180 በታች የሚወርድ ከሆነ ግን በደረጃ 5 ላይ የተጻፈው ስሌት በቀጥታ ይመለከትዎታል።

3. የሶኬቱ ኧርዝ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ

ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ብረት መታየቱ ሽቦው እስከ መሬት መድረሱን አያሳይም። በፌዙ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) እና በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) መካከል ያገኙት ቁጥር በፌዙና በኧርዙ መካከልም ከሞላ ጎደል ሊደገም፣ በኒውትራሉና በኧርዙ መካከል ደግሞ ጥቂት ቮልት ብቻ ሊታይ ይገባል። በፌዝና በኧርዝ መካከል 40፣ 70 ወይም 110 እያለ የሚንከራተት ቁጥር ካዩ ኧርዙ አልተያያዘም ማለት ነው። ይህን መለኪያ በራስዎ ለማድረግ የማይደፍሩ ከሆነ ኤሌክትሪሻን ይጥሩ፤ ለባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ሊኒየር ፓወር ሰፕላዮች (ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ያላቸው) አብዛኛውን ጊዜ በብረት ሳጥን ስለሚሠሩ ነው። በውስጣቸው አንድ ሽቦ ተላቅቆ ሳጥኑን ቢነካ፣ ኧርዝ ካለ ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ብሬከሩ ይወርዳል፤ ኧርዝ ከሌለ ግን ሳጥኑም ሆነ ከእሱ ጋር የተያያዘው የድምፅ ገመድ 220 ቮልት ተሸክሞ ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ ኧርዝ በሌለው ቤት ውስጥ የብረት ሳጥን ያለው ፓወር ሰፕላይ አይግዙ፤ አንዱ ካሬ በሌላው ውስጥ የተሳለበት ምልክት ያለውን፣ ማለትም ድርብ መከላከያ ያለውን የፕላስቲክ አዳፕተር ይምረጡ።

4. ከመግዛትዎ በፊት ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ደረጃ ዘሎ ነው። ሙዚቃ ሳያጫውቱ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ በተለምዶ ከሚሰሙበት ጥቂት ከፍ አድርገው ጆሮዎን ወደ ስፒከሩ ያቅርቡ። «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ የ50 ኸርዝ ነው፤ ከመብራት መስመሩ በገመዶች በኩል የመጣ መሆኑን ያመለክታል። «ዝዝዝ» የሚል ሻካራ ድምፅ በአብዛኛው የ100 ኸርዝ ነው፤ በሊኒየር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ኤሲው ወደ ዲሲ ሲለወጥ የቀረ ሪፕል ሊሆን ይችላል። ዘፈን ሲቀይሩ ወይም ስልክዎ ላይ ዝርዝሩን ሲያንሸራትቱ የሚለዋወጥ ቀጭን ፉጨት ከሰሙ ደግሞ የስትሪመሩ የራሱ ፕሮሰሰር የሚስበው ከረንት በኃይል መስመሩ በኩል ወደ ድምፁ እየገባ ነው።

ከዚያ በተራ የሚከተለውን ያድርጉ።

ሀ) የስትሪመሩን የድምፅ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ። ጩኸቱ ካልጠፋ ችግሩ የአምፕሊፋየሩ ነው፤ ፓወር ሰፕላይ መግዛት አይረዳዎትም።

ለ) ገመዱን መልሰው ስትሪመሩ 5 ቮልት የሚፈልግ ከሆነ በፓወር ባንክ ያስነሡት፤ ፓወር ባንኩ በዚያን ጊዜ ቻርጅ ላይ አይሁን። ጩኸቱ ከጠፋ ምክንያቱ አዳፕተሩ ነው፤ ወይ በሪፕሉ ወይ በሚሾልከው ከረንት።

ሐ) በፓወር ባንክም ካልጠፋ የኔትወርክ ገመዱን፣ ቀጥሎም አምፕሊፋየሩን ከቴሌቪዥን ወይም ከዲሽ ሪሲቨር ጋር የሚያገናኘውን ገመድ አንድ በአንድ ይንቀሉ። ከጣራ የሚወርደው የዲሽ ገመድ መከለያ ሽቦው የዲሽ ብረቱን ይነካል፤ የዲሽ ብረቱም በጣራው ቆርቆሮ በኩል መሬት ሊያገኝ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ በሁለቱ መሬቶች መካከል ያለው ልዩነት በድምፅ ገመድዎ ውስጥ ይዞራል። የኔትወርክ ገመድ መከለያ የሌለው ከሆነ በሁለቱም ጫፍ በትንሽ ትራንስፎርመር ስለሚለይ ይህን አያደርግም፤ ባለመከለያው ግን ያደርጋል። ስለዚህ ለስትሪመር ርካሹ፣ መከለያ የሌለው ገመድ ይሻላል።

በፈተና ለ) የጩኸቱ ምክንያት አዳፕተሩ መሆኑን ካወቁ በኋላ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይሥሩ፦ በስትሪመሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ያሉትን የኣርሲኤ መሰኪያዎች (የተለመዱትን ክብ የድምፅ መሰኪያዎች) ነቅለው በደረቅ ጨርቅ ጠርገው አጥብቀው ይመልሱ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። በትንሽ አዳፕተር ውስጥ የመብራቱን ክፍል ከዲሲው ክፍል የሚያያይዝ ካፓሲተር አለ፤ መጠኑ 2.2 ናኖፋራድ ከሆነ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ እስከ 150 ማይክሮአምፒር ያሾልካል። ይህ ከረንት በድምፅ ገመዱ መከለያ በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። መከለያው 0.1 ኦም ከሆነ የሚፈጠረው 15 ማይክሮቮልት ነው፤ ጆሮ አይደርስበትም። መሰኪያው ዝጎ ወይም ላልቶ 10 ኦም ከሆነ ግን 1.5 ሚሊቮልት ይሆናል፤ ከስትሪመሮች የተለመደ ከፍተኛ ድምፅ 2 ቮልት ጋር ሲነጻጸር ጸጥ ባለ ክፍል በደንብ የሚሰማ ነው። ብዙ ብር የተጠየቀበትን ችግር አንድ ጥሩ የኣርሲኤ ገመድ ሊፈታው ይችላል።

አምፕሊፋየርዎ የኦፕቲካል ማስገቢያ ካለው ደግሞ ጉዳዩ ከዚህ ይበልጥ ቀላል ነው። ኦፕቲካል ገመድ የሚያሳልፈው ብርሃን እንጂ ከረንት አይደለም፤ ከስትሪመሩ አዳፕተር የሚሾልከው ሁሉ እዚያው ይቆማል። በዚህ መንገድ ካገናኙና ጩኸቱ ከጠፋ ከስትሪመሩ ጋር የመጣው አዳፕተር ይበቃዎታል፤ ከደረጃ 7 ይቀጥሉ።

5. ዓይነቱን ይምረጡ

ሀ) ተራው ስዊቺንግ አዳፕተር። ቀላል ክብደት ያለው፣ ጽሑፉ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ነው። በውስጡ መብራቱን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚሠራ የግድግዳው ቮልት 150 ቢወርድም የሚያወጣው 5 ቮልት አይነቃነቅም። ጥሩ የተሠራው ሪፕሉ ከ50 ሚሊቮልት በታች ነው፤ ስትሪመሩም ይህን በራሱ ሬጉሌተር (ቮልቱን በአንድ መጠን በሚያጸና ዕቃ) እንደገና ያጣራዋል። መጥፎ የተሠራው ግን በውስጡ የማጣሪያ ዕቃዎች ተቀንሰውለት ርካሽ የሆነው ነው።

ለ) ሊኒየር። ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ያለው ነው፤ ሪፕሉ በጣም ትንሽ ሲሆን ወደ ድምፅ ገመድ የሚያሾልከውም በተለምዶ ከስዊቺንጉ ያንሳል። በመጻሕፍት ሲነበብ ሁልጊዜ የተሻለው እሱ ነው። የእኛን ምሽት ግን እንመልከት። ለ230 ቮልት የተሠራ፣ 9 ቮልት ኤሲ የሚያወጣ ትራንስፎርመር፣ 4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 7805 የተባለው የተለመደ 5 ቮልት ሬጉሌተር ያለውን 1 አምፒር ፓወር ሰፕላይ እንውሰድ። የግድግዳው መብራት 220 ሲሆን ትራንስፎርመሩ 8.6 ቮልት ገደማ ያወጣል፤ ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚለውጡት ዳዮዶች በኋላ ጫፉ 10.8 ቮልት ይሆናል፤ ካፓሲተሩ በሁለት ሞገዶች መካከል ሲፈስ ዝቅተኛው 8.7 ገደማ ነው። ሬጉሌተሩ ቢያንስ 7 ስለሚፈልግ ሥራው ሰላም ነው። መብራቱ 170 ሲወርድ ትራንስፎርመሩ 6.65 ያወጣል፣ ጫፉ 8 ይሆናል፣ ዝቅተኛው ደግሞ ወደ 6 ይወርዳል። ከ7 በታች በወረደ ቁጥር ሬጉሌተሩ ማጣራቱን ያቆማል፤ ያ ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚሆን «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅ በሙዚቃው ውስጥ ይገባል። ቀን ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቶ ምጣድ በተጣደ ሰዓት የሚያጉረመርም ሊኒየር ፓወር ሰፕላይ ካጋጠመዎት አልተበላሸም፤ የሚያስፈልገውን ቮልት አላገኘም።

ሻጩ «ትራንስፎርመሩ ከፍ ያለ ነው» ቢልዎት ያ መፍትሔም ዋጋ አለው። ትርፉ ቮልት ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፦ ሬጉሌተሩ በአማካይ 10 ቮልት ገብቶለት 5 ቮልት በ1 አምፒር ቢያወጣ 5 ዋት በራሱ ላይ ያቃጥላል። ሳጥኑ ሰፊ የሙቀት ማስወጫ ብረት ከሌለው እድሜው አጭር ነው።

ሐ) ድብልቁ። ለጎጃም ከተሞች በአብዛኛው የምመርጠው ይህን ነው። ጥሩ የስዊቺንግ አዳፕተር 7 ወይም 9 ቮልት ያወጣል፤ ከእሱ ቀጥሎ ዝቅተኛ ጫጫታ ያለው ሊኒየር ሬጉሌተር የተገጠመበት ትንሽ ሰሌዳ ወደ 5 ቮልት ያወርደዋል። የመጀመሪያው ክፍል የመብራቱን መውረድ ይሸከማል፣ ሁለተኛው ሪፕሉን ያጠፋል። ለምሳሌ ኤልቲ 3045 የተባለው ሬጉሌተር የራሱ ጫጫታ 0.8 ማይክሮቮልት ብቻ ነው፤ ነገር ግን አንዱ የሚችለው 500 ሚሊአምፒር ስለሆነ ስትሪመርዎ ከዚያ በላይ ከፈለገ በርከት ያሉት ጎን ለጎን የተገጠሙበትን ሰሌዳ መፈለግ አለብዎት። በ9 ቮልት ምትክ 7 ቮልት አዳፕተር ካገኙ በ1 አምፒር የሚባክነው ሙቀት ከ4 ዋት ወደ 2 ዋት ይቀንሳል። ድብልቁ አንድ ነገር አያስቀርም፦ ከአዳፕተሩ ካፓሲተር የሚሾልከውን ከረንት። የእሱን ጉዳት የሚያስቀረው በደረጃ 4 የተጻፈው የመሰኪያ ጽዳትና ኦፕቲካል ገመድ ነው።

መ) ባትሪ። ከመብራት መስመሩ ፈጽሞ ስለሚለይ የሚሾልክ ከረንት የለውም። ፓወር ባንክ ግን በውስጡ ያለውን 3.7 ቮልት ወደ 5 ለማሳደግ ራሱ ስዊቺንግ ስለሚጠቀም ከሪፕል ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹም እየሞሉ ኃይል ሲሰጡ መብራት በሄደበት ቅጽበት ለአፍታ ያቋርጣሉ፣ ስትሪመሩም እንደገና ይነሳል። በቤትዎ የሶላር 12 ቮልት ባትሪ ካለ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ መሣሪያ ጨምረው መጠቀም ይችላሉ። ባትሪው ሲሞላ እስከ 14.4 ቮልት ስለሚደርስ 12 ቮልት የሚፈልግ ስትሪመርን በቀጥታ አያያይዙበት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ይጠቀሙ፤ በማውረጃው ላይ የሚጠፋውን ሲቀንሱ 35 ገደማ ይቀራል። 3 ዋት ለሚወስድ ስትሪመር ይህ ከ11 ሰዓት በላይ ነው።

6. ሱቅ ውስጥ ሳሉ ይፈትሹት

አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አምፒር፣ የአምራቹን ስምና የሞዴሉን ቁጥር ይፈልጉ፤ አምራቹ የማይታወቅና ሞዴል ያልተጻፈበትን ይተዉት። በቻይና ገበያ በተሸጡ አንዳንድ አዳፕተሮች ላይ የተራራ ሥዕል ያለበትና 2000 ሜትር የሚል ምልክት ይገኛል፤ ትርጉሙ ከ2000 ሜትር ከፍታ በታች ብቻ እንዲሠራ ተብሎ የተነደፈ መሆኑ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ይህ አያሳስባትም። ደብረ ማርቆስ ግን ከ2400፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2500 ሜትር በላይ ናቸው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ አየሩ ሙቀት የማንሣት አቅሙም፣ በከፍተኛው ቮልትና በዝቅተኛው መካከል ያለው ክፍተት የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። በደጋ የሚኖሩ ከሆነ ይህ ምልክት ያለበትን አይግዙ፤ አምፒሩንም ከ30 በመቶ ይልቅ በ50 በመቶ የሚበልጥ ይምረጡ።

ከዚያ ሬዲዮውን ያውጡ። በኤኤም ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርገው አዳፕተሩ ተሰክቶ ስትሪመሩን ወይም ቻርጅ የሚያደርግ ስልክን እያሠራ ሳለ በአንድ ስንዝር ርቀት ያቅርቡት። ሁሉም ስዊቺንግ አዳፕተር ጥቂት ይጮኻል፤ የሚያነጻጽሩት ሁለት ሦስቱን እርስ በርሳቸው ነው። ሬዲዮውን አንድ ክንድ ያህል ካራቁት በኋላም የሚጮኽበትን ለሻጩ ይመልሱ። ፈተናው በአየር የሚወጣውን ጫጫታ እንጂ በገመድ የሚሄደውን በቀጥታ አያሳይም፤ ይሁንና ማጣሪያው የተቀነሰለት አዳፕተር በሁለቱም ስለሚጮኽ ለመለየት ያግዛል።

በርካሹ ቢጫ ቴስተር ሪፕል ለመለካት አይሞክሩ። የኤሲ ዝቅተኛው ክልሉ 200 ቮልት ስለሆነ ሚሊቮልት አያይም፤ ዲሲ ላይ ሲያደርጉትም የውሸት ቁጥር ሊያሳይዎት ይችላል።

7. አጭርና ወፍራም ገመድ ይጠቀሙ

ጥሩ ፓወር ሰፕላይ በቀጭን ገመድ ይበላሻል። ውስጡ ያለው መዳብ 0.08 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ፣ በርካሽ የዩኤስቢ ገመዶች ውስጥ የተለመደ ሽቦ በ1 ሜትር ደርሶ መልስ 0.43 ኦም ይሆናል። 1 አምፒር ሲያልፍበት 0.43 ቮልት ይበላል፤ ከአዳፕተሩ 5 ቮልት የወጣው ስትሪመሩ ጋ 4.57 ሆኖ ይደርሳል። ራስበሪ ፓይ ከ4.63 ቮልት በታች ሲሆን የመብረቅ ምልክት በስክሪኑ ላይ ያሳያል፤ ስክሪን ካልተሰካበት ግን ፍጥነቱን ቀንሶ ዝም ይላል፣ እርስዎም ድምፁ ሲቆራረጥ ኢንተርኔቱን ይወቅሳሉ። መዳቡ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ ገመድ በተመሳሳይ ርዝመትና ጭነት የሚጠፋው 0.07 ቮልት ብቻ ነው። ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ ገመድ ከገዙ ደግሞ ያም በግማሽ ይቀንሳል።

8. ይግጠሙና ይለኩ

ስትሪመሩንና አምፕሊፋየሩን ከአንድ ዲቫይደር ይሰኩ፤ በተለያዩ ግድግዳዎች ላይ ከተሰኩ የኧርዝ ልዩነቱ በድምፅ ገመዱ በኩል መንገድ ያገኛል። አዳፕተሩን ከኣርሲኤ ገመዶችና ከአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ቢያንስ አንድ ክንድ ያርቁት። የኃይል ገመድና የድምፅ ገመድ መተላለፍ ካለባቸው መስቀለኛ ሆነው ይተላለፉ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። በፓወር ሰፕላዩም ሆነ በስትሪመሩ ላይ ዳንቴል አያልብሱ፤ ሙቀቱ የሚወጣው ከላዩ ነው።

ስትሪመሩ ሙዚቃ እያጫወተና ሃርድ ዲስኩም እየሠራ ቮልቱን በስትሪመሩ ጫፍ ይለኩ። ስትሪመሩ 5 ቮልት የሚፈልግ ከሆነ ከ4.9 እስከ 5.2 ቮልት መካከል መሆን አለበት። ግማሽ ሰዓት ቆይተው አዳፕተሩን በእጅዎ ይንኩ፤ ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅዎን ማቆየት ካልቻሉ ግን አቅሙ አንሷል። የደረጃ 4ን የጆሮ ፈተና ቀን ላይ አንድ ጊዜ፣ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ደግሞ ሌላ ጊዜ ይድገሙት። የቀኑ ብቻ አያስተማምንም።

9. ለመብራት መቋረጥና ለክረምት ያዘጋጁት

መብራት ሲሄድ አዳፕተሩን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ መስመሩ ሲመለስ ቮልቱ ለአፍታ ሊዘል ይችላል። በሜሞሪ ካርድ የሚሠሩ ስትሪመሮች በድንገት ኃይል ሲያጡ ካርዱ ላይ ያለው ሲስተም ሊበላሽ ስለሚችል የካርዱን ቅጂ አስቀድመው ይያዙ፤ በየጊዜው መብራት የሚቋረጥበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ በደረጃ 5 መ) ያለውን ባትሪ ያስቡበት።

ሊኒየር ከገዙና ቮልቱ የሚወርድ ከሆነ ስታብላይዘር ማስቀደም ይችላሉ። በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀስ ማብሪያና ማጥፊያ) የሚሠራው ስታብላይዘር ቮልቱን የሚያስተካክለው በደረጃ እየዘለለ ነው፤ በሚቀይርበት ቅጽበት «ቀጭ» የሚል ድምፅ በስፒከሩ ሊሰሙ ይችላሉ። የስዊቺንግ አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ለቮልት መውረድ ስታብላይዘር አያስፈልገውም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ነጎድጓድ ሲሰማ የኃይል ገመዱን ብቻ ሳይሆን የኔትወርክ ገመዱንና የዲሽ ገመዱንም ይንቀሉ፤ መብረቅ በሦስቱም ይገባል። «ሰርጅ ፕሮቴክተር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዲቫይደር ትንንሽ ዝላዮችን ይይዛል፤ ቅርብ የወደቀን መብረቅ ግን አያቆምም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

የኧርዙን እግር መቁረጥ። «እምምም» የሚለው ድምፅ ይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን የጠፋው ሕይወትዎን የሚጠብቀው ሽቦ ነው። ኧርዝ ሳይቆርጡ ዙሩን የሚያቋርጠው ኦፕቲካል ገመድ ወይም በድምፅ ገመዱ ላይ የሚገጠም የድምፅ ትራንስፎርመር ነው።

ኃይለኛ የስልክ ቻርጀርን እንደ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ መቁጠር። 65 ዋት የሚል ፈጣን ቻርጀር ከፍ ያለውን ዋት የሚሰጠው ከስልኩ ጋር ተነጋግሮ በ9፣ በ15 ወይም በ20 ቮልት ነው፤ በ5 ቮልት ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 3 አምፒር ብቻ ነው። ጽሑፉ ላይ ከ5 ቮልት ጎን የተጻፈውን አምፒር ያንብቡ።

ገመዱ ላይ የፌራይት ቀለበት (ጥቁር የማግኔት ቀለበት) ጨምሮ «እምምም»ው እንዲጠፋ መጠበቅ። ቀለበቱ የሚይዘው በሜጋኸርዝ ያለውን ጫጫታ ነው፤ በ50 እና በ100 ኸርዝ ላይ ምንም ሥራ የለውም።

የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ባልሆነ ሰው የተሠራ ሊኒየር መግዛት። ሳጥኑ ይከፈትልዎት ብለው ይጠይቁ፤ በ220 ቮልቱ በኩል ፊውዝ መኖሩን፣ የኧርዙ ሽቦ በሳጥኑ ብረት ላይ በቡሎን መታሰሩን፣ የመብራቱ ሽቦዎች ከ5 ቮልቱ ሽቦዎች ተለይተው መሄዳቸውን ይመልከቱ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።